የኤም አር አይ ምርመራን ማሻሻል በማግኔት ጉልበት ብቻ አይለካም

የኤም አር አይ የሕክምና ምርመራ ቴክኖሎጂ በአሁኑ ወቅት በሁለት አቅጣጫዎች በመሻሻል ላይ ይገኛል። አንደኛው የማግኔቱን ጉልበት ማሳደግ ሲሆን፣ ሌላው ባለው ጉልበት ፈጣንና የተሻለ ምስል የሚገኝበትን ዘዴ ማበልፀግ ነው። ለመሣሪያ ግዢ በጀት ለሚመድቡ አካላት ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያላነሰ ትኩረት የሚሻ ነው።

ኤም አር አይ እንደ ሲቲ ስካን የራጅ ጨረርን አይጠቀምም። በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አቶም አስኳል በማግኔት ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ ሞገድ ሲነቃቃ የሚሰጠውን ምልክት ተቀብሎ ወደ ምስል ይለውጣል። ለዚህ ዘዴ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በሆስፒታሎች በስፋት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች 1.5 እና 3 ቴስላ ጉልበት ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ 7 ቴስላ መሣሪያ በአሜሪካ ለሕክምና አገልግሎት ተፈቅዷል፤ በ2024 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ11.7 ቴስላ የተነሱ የሰው አንጎል ምስሎችን ይፋ አድርገዋል። ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ምልክቱ ይጎላል፤ ወጪውም አብሮ ይንራል። ማግኔቱን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ፈሳሽ ሂሊየም የሚመረተው በጥቂት አገሮች ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ማቀዝቀዣው ሲቆም ሂሊየሙ ይተናል፤ እንደገና መሙላትም ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በ7 ሊትር ሂሊየም ብቻ የሚሠራ ባለ 1.5 ቴስላ መሣሪያ ለገበያ መቅረቡ ይህንኑ ችግር ለማቃለል ያለመ ነው።

በምስል አነሳስ ዘዴ ረገድ የተገኘው ውጤት ከዚህ ያነሰ አይደለም። ምልክቱን በበርካታ አንቴናዎች በአንድ ጊዜ መቀበል፣ ከጥቂት መረጃ ሙሉ ምስል ማዋቀርና በቅርቡም ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም የምርመራውን ጊዜ በእጅጉ አሳጥረዋል። ጊዜው ማጠሩ በአንድ መሣሪያ በቀን የሚስተናገዱ ሕሙማንን ቁጥር ከመጨመሩም በላይ፣ ረጋ ብለው መተኛት ለማይችሉ ሕፃናት ጥርት ያለ ምስል ለማንሳት ያግዛል። የውሃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚለካው ዘዴም ሲቲ ስካን ብዙውን ጊዜ ለይቶ በማያሳይባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት በደም መርጋት የተከሰተን ስትሮክ ይጠቁማል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ የምርመራው ፍጥነት የሕሙማንን ዕጣ ይወስናል።

በአነስተኛ ጉልበት የሚሠሩ መሣሪያዎችም ተስፋ ሰጪ ናቸው። በኡጋንዳ የምባራራ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከኔዘርላንድስ አቻዎቻቸው ጋር በመሆን 0.05 ቴስላ ጉልበት ያለውን መሣሪያ በዚያው ገጣጥመው፣ ክፍሎቹ በደረሱ በ11 ቀናት ውስጥ የመጀመሪያውን ምስል ማንሳት ችለዋል። መሣሪያው ጥቃቅን ዕጢዎችን አጉልቶ ለማሳየት አቅም ያንሰዋል። ይሁን እንጂ በሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ መጠን አይቶ ለቀዶ ሕክምና ለመወሰን እጅግ የጠራ ምስል የግድ አያስፈልግም።

አዳዲሶቹ ዘዴዎች ያለ ጥንቃቄ የሚወሰዱ አይደሉም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዋቀረ ምስል ያለውን ጉዳት ሊሰውር፣ የሌለውን ሊያሳይ ስለሚችል በራዲዮሎጂ ሐኪሞች መረጋገጥ ይኖርበታል።

የኃይል መቆራረጥና የመለዋወጫ እጥረት ለሚፈትናቸው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ትምህርቱ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ ፈጣን ዘዴዎች በሶፍትዌር የሚጨመሩ በመሆናቸው፣ ነባር መሣሪያዎችንም በማሻሻል አገልግሎታቸውን ማሳደግ ይቻላል። ስለሆነም የግዢ ውል ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው ለየትኞቹ ሕመሞች እንደሚውል፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውና የባለሙያዎች ሥልጠና በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱ ሊጤን ይገባል። እነዚህ ጥያቄዎች በወቅቱ ካልተመለሱ፣ በከፍተኛ ወጪ የተገዛ ማግኔት በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሕሙማን ደግሞ ወረፋ መጠበቃቸው አይቀርም።