ስድቤን ራስህ አምጣልኝ

ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥርና ቀን አለው፤ ማኅተም አርፎበታል፤ «ጉዳዩ፦ የቀረበብዎትን አቤቱታ ይመለከታል» ይላል። አቤቱታ አቅራቢው ጎረቤቴ ነው። በእሱ ቤትና በእኔ ቤት መካከል ያለው አንድ የብሎኬት ግንብ ብቻ ነው። ጥፋቴን አልክድም፦ ርግብ አረባለሁ። ርግቦቼ ደግሞ ከእኔ ቆርቆሮ ይልቅ የእሱን ሮቶ ይወዳሉ፤ ሮቶ ላይ ያረፈ ርግብ ምን እንደሚያደርግ ማብራራት አያስፈልግም። ሰውየው ቢቆጣ እውነት አለው። እኔም በቁጣው አልተቀየምሁም። የተቀየምሁት በደብዳቤው ነው።

መቼም ያ ወረቀት ከእሱ ደጅ ተነሥቶ፣ ቀበሌ ደርሶ፣ በመዝገብ ገብቶና ተፈርሞ በተላላኪ እጅ ወደ እኔ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። እሱ ራሱ ቢመጣ ኖሮ አሥራ አምስት እርምጃ ነበር። በሬን ደብድቦ «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ባላከብር ኖሮ እነዚህን ወፎች አርጄ ወጥ እሠራባቸው ነበር!» ቢለኝ እኔም በበኩሌ የምመልሰው አላጣም። ሁለታችንም ጮኸን ስንጨርስ ግን ቆጡን ወደ ሌላ ወገን አዞረው ነበር። በዚያው ቀን።

ቀፊራ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። እዚህ ስድብ የሚመጣው በአካል ነው። ርግብ ማርባት የጀመርሁት በ12 ዓመቴ ነው፤ ያን ጊዜ የምንኖረው አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊት ለፊታችን «አዴ» የምንላቸው የኦሮሞ እናት ከነልጆቻቸው፣ ከእሳቸው ጎን አንድ የሶማሌ ቤተሰብ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ገበያው ውስጥ ቅመም የሚሸጡ ሐረሪ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ጥንድ ርግቦቼ አዴ ሰሌን ላይ ያሰጡትን ማሽላ ሲለቅሙ ተገኙ። አዴ ማማሰያቸውን እንደያዙ መጡ። እርግማኑ በኦሮምኛ ተጀመረ፤ እናቴ በአማርኛ መለሰች፤ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ልትገላግል ገብታ በሦስተኛ ቋንቋ ነገሩን አባባሰችው። አዛውንቱ ከደጃቸው ሆነው ሳቁ። ጆሮዬ ተቆነጠጠ። ማታ ላይ አዴ ጥቂት ማሽላ በጣሳ ይዘው መጥተው «ለሌቦችህ» አሉኝ። ታረቁ ለማለት አይደለም፤ በሳምንቱ እንደገና ተሰዳድበዋል።

ድሬዳዋን የሚያወድሱ ሁሉ «የፍቅር ከተማ» ይሏታል። በዘፈን ሰምተነዋል፣ በመጽሔት አንብበነዋል፣ በየበዓሉ መድረክ ላይ ሲነገር አጨብጭበንለታል። እኔ ይህን ቃል መጠራጠር ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። «ፍቅር» ሲባል ከውኃው ወይም ከሙቀቱ የተገኘ፣ ማንም ያልደከመበት ጠባይ ይመስላል። ማንም ካልደከመበት ደግሞ ማንም ሊጠብቀው አይገደድም ማለት ነው። ስለዚህም «የፍቅር ልጆች ነን» እያልን አጥራችንን አንድ ረድፍ ብሎኬት እንጨምርበታለን፤ በብሎኬቱም ላይ የተሰበረ ጠርሙስ እንተክልበታለን።

በዚያ ግቢ ያየሁት ሥራ ነበር። ሠራተኞቹም ሴቶች ነበሩ። የማን ልጅ ምሳ ሳይበላ እንደዋለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ውኃ በጠፋ ሳምንት ሌሊት ተነሥተው ለአራቱም ቤት ጄሪካን የሚደረድሩት፣ አራስ የሚያርሱት፣ ከሰል ያለቀበትን ሳይጠየቁ የሚያቃምሱት እነሱ ናቸው። በረመዳን ሳምቡሳው ወደ እኛ ይመጣል፤ በፋሲካ ሥጋችን ስለማይበላላቸው እናቴ ለብቻ የደፋችው ድፎ ዳቦ ወደ እነሱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በዝምታ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። በጭቅጭቅ፣ በወረፋ ክርክር፣ «ያበደርሁሽን ስኳር» በሚል ማሳሰቢያ የተሠራ ነው። ወንዶቹስ? ወንዶቹ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ስለ ድሬ ፍቅር ያወሩ ነበር። አቦ፣ እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ፤ ጫቱን ተውሁት እንጂ ወሬውን ገና አልተውሁም።

በ2015 ዓ.ም. ያረፈው የድሬዳዋ ልጅ አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊም ዘፍኗል። ይህን ሲጠቅሱ «የፍቅር ከተማ ውጤት» ብለው ያልፉታል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ሕፃን ልጅ የጎረቤቱን ቋንቋ የሚለምደው የሚቆጣውና የሚልከው ጎረቤት ሲኖረው ነው። «ና ወዲህ» የሚለውን በአራት ቋንቋ የማውቀው በአራት ቋንቋ ስለተገሠጽሁ ነው።

ለነገሩ ይህ የአጥር ነገር በከተማችን አዲስ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስላስቸገረ ከተማዋ ከግርጌው ሜዳ ላይ ተቆረቆረች። ከደቻቱ በስተ ምዕራብ ያለውን ከዚራን የባቡሩ ሰዎች በማስመሪያ ሠሩት፦ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ በዛፍ የተጠለለ፣ ቪላው በየአጥሩ ውስጥ የተቀመጠ። በስተ ምሥራቅ ያለው መጋላ፣ የእኛም ቀፊራ፣ ያለ ማስመሪያ አደገ። ነጋዴው፣ ሸክም ያዡ፣ ከገጠር ወተትና እንጨት ይዛ የመጣችው ሁሉ ባገኘው ቦታ ላይ ጎጆውን ቀለሰ፤ መተላለፊያው ጠባብ፣ በሩ ከበር የተፋጠጠ ሆነ። ከዚራን አልጠላም፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ያልተቀመጠ የድሬ ሰው የለም። የሚያናድደኝ ዛሬ እኛ ከከዚራ የምንቀዳው ዛፉን ትተን አጥሩን መሆኑ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በግንቦትና በሰኔ ሌሊት ቤት ውስጥ መተኛት ቅጣት ነው። ስለዚህ አልጋ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር፤ የሽቦ አልጋ በሽቦ አልጋ ተርታ። በዚያ ተርታ ያደገ ሰው የማንን ሳል ከማን ሳል ለይቶ ያውቃል፤ የትኛው ባል አምሽቶ እንደሚገባ፣ የትኛዋ እናት ሌሊት ተነሥታ እንደምትጸልይ ያውቃል። አሁን ቬንትሌተር አለ፤ ለደኅና ሰው ደግሞ አየር ማቀዝቀዣ አለ። አልጋው ተመልሶ ገባ። ይህን አልወቅስም፤ እኔም ቬንትሌተር አለኝ። ከአልጋው ጋር ምን አብሮ እንደገባ ግን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። የዚያን ሌሊት ነገር ቀፊራ ለሚያነብ ሰው መተረክ አያሻም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በእግራችን እንሻገረዋለን። የሚሞላው እኛ ጋ ባይዘንብም ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው። የተኛ ሰው በምን ይወቅ? በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ።

እኛ ግቢ ከውኃው አስቀድሞ የደረሰው ድምፅ ነበር። ከእኛ ይልቅ ለወንዙ የምትቀርብ አንዲት ሴት ነበረች፤ በልብስ እጣቢ ፍሳሽ የተነሣ ከእናቴ ጋር ከተኮራረፉ ዓመት ሞልቷቸዋል። የቆርቆሮ በራችንን በድንጋይ ስትደበድብ ሁላችንም ተነሣን። «አንቺ ደንቆሮ፣ ውጪ! ደቻቱ መጣ!» ትላለች። በሩ ሲከፈትላት እናቴን ገፍትራት አለፈችና በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች። አያቴ እዚያ ትተኛ ነበር፤ እግሯ አይታዘዝላትም። ሴትየዋ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን ተሸክመናት ወጣን። አያቴ ጓዳ እንደምትተኛ፣ እግሯም እንደከዳት ያች ሴት ከየት አወቀች? ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠችም። ያወቀችው ሰው ሁሉ በሚጠላው ጠባይዋ ነው፦ የሰውን ጓዳ ትጠይቃለች፣ ታጣራለች፣ በማይመለከታት ትገባለች። የዓመት ኩርፊያቸውም የተፈታው «ደንቆሮ» በሚለው ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። እሱን እመርቃለሁ፤ ግንብ ሁሉ ጠላቴ አይደለም።

«በሰው ጉዳይ መግባትን ታወድሳለህን?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ ዋጋውን እያወቅሁ። ሌባን በተመለከተ የሚነገረውን ክርክር አልመለስበትም፤ ግንብ ዘሎ የገባ ሌባ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰው ስለሌለ ዘና ብሎ ይሠራል። የከበደኝ ክርክር የታናሽ እህቴ ነው። በ17 ዓመቷ ከአንድ ልጅ ጋር ሻይ ስትጠጣ ታየች፤ እሷ ቤት ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ፤ በሦስት ቋንቋ ተተርጉሞና ጨው ተጨምሮበት። የዚያን ማታ የደረሰባትን እዚህ አልጽፈውም። አዲስ አበባ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፤ «ከጎኔ ማን እንዳለ አላውቅም፣ እግዜር ይመስገን» ትላለች። ለእሷ መልስ የለኝም። ደጋግሜ ፈልጌ አጥቻለሁ።

የጎረቤቴ ጉዳይ ግን የእህቴ ጉዳይ አይደለም። እሱን ማንም አላሳደደውም። ማን እንደሆነ እስካሁን አልነገርኋችሁም፦ የአዴ የመጨረሻ ልጅ ነው። በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ርግብ ሲያባርር ወድቆ አገጩን የፈነከተ ጊዜ ደሙን በሸሚዜ የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ነግዶ ተሳካለት፤ እሰየው። የግቢውን ግማሽ ገዛ፣ ፎቅ ሠራ፣ ግንቡን አቆመ፣ በብረት በሩ ላይ ደወል ገጠመ። እናቱንም ከግንቡ ወዲያ አስቀመጣቸው። በየበዓሉ ስለ ድሬ ፍቅር የሚያምር ንግግር የሚያደርግም እሱ ነው፤ ሰምቼዋለሁ፣ አንደበቱ ይጣፍጣል።

ባለፈው ጥር ልጅየው ለንግድ ጅቡቲ ሄዶ ነበር፤ የቤት ሠራተኛዋ ገበያ ወጥታ ነበር፤ ዘበኛውም የለም። አዴ ከቧንቧው አጠገብ አዳልጧቸው ወደቁ። ረፋድ ላይ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ነበሩ፤ በድሬ ፀሐይ። ሠራተኛዋ ተመልሳ አገኘቻቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። እኔ በዚያ ሰዓት የት ነበርሁ? ከግንቡ ወዲህ፣ ርግቦቼን ማሽላ እያበላሁ። ድምፅ ሰምቻለሁ። ቴሌቪዥን ነው አልሁ።

ቴሌቪዥን ነው አልሁ እንጂ፣ ቆጥ ላይ ወጥቼ አንገቴን ማስገግ አልተሳነኝም ነበር። አላደረግሁትም፤ የሰው ግቢ ማየት ነውር ሆኗላ! ግንቡ እኔንም አሠልጥኖኛል። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ ደወል ደውዬ፣ ማን ልበል ተብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት። አዴ አልጋ ላይ ናቸው። እጄን ይዘው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሌቦችህ ደኅና ናቸው?» ብለው ነው። ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ስልኩን ያይ ነበር። ሮቶውን ያን ጊዜ ሊያነሣልኝ ይችል ነበር፤ አላነሣም። ከዚያ ይልቅ ቀበሌ ሄዶ ጻፈ።

ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። ቆጡን አዙሬዋለሁ፤ መረብም ገዝቻለሁ፤ ሮቶውን በራሴ ወጪ አሳጥባለሁ። ይህን ሁሉ ግን ለቀበሌው ጸሐፊ አልነግረውም። ረቡዕ ማታ ልጁ ከሥራ ሲመለስ ደወሉን ሳልነካ የብረት በሩን በድንጋይ እመታለሁ። መጀመሪያ የምወረውርለትን ስድብም አዘጋጅቻለሁ፤ ግማሹ የእናቱ ነው፣ በኦሮምኛ፤ ግማሹ የእናቴ። የሚጻፍ ባለመሆኑ እዚህ አላሰፈርሁትም።