ከአጥኚነት ወደ ሚኒስትርነት፦ በየት በኩል?

ጭሮ ላይ አንድ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ «አጥኚ የነበረ ሰው ሚኒስትር መሆን ይችላል እንዴ?» አለኝ። ይችላል፤ ዋናው ነገር በየት በኩል ገባ የሚለው ነው።

እንግሊዛዊው ኤድ ሚሊባንድ እ.ኤ.አ. በ1993 የፓርላማ አባሏ የሃሪየት ሃርማን አጥኚ ነበሩ። በ2005 የሰሜን ዶንካስተር ሕዝብ መረጣቸው፤ በ2007 ካቢኔ ገቡ። እዚያ ሚኒስትር የሚሾመው ከፓርላማ ነው።

የእኛው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋም የኢኮኖሚ ተመራማሪ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርን መርተዋል። በ2013ቱ ምርጫ ተወዳድረው አልተመረጡም፤ በመስከረም 2014 ግን የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ከምክር ቤት ውጭ ያለ ብቁ ሰውም እንዲሾም ይፈቅዳል።

ይሄ አሿሿም ምን እንደሚያመጣ የሂርና፣ የገለምሶና የበዴሳ ተማሪዎች አይተውታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደ፤ በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንደኔ፣ ድምፅ የሚለምን ሰው ይህን አይደፍርም፤ ኩረጃን ለመግታትም ጠቅሟል። ግን ትምህርት ቤቶቻችን መምህርና መጽሐፍ ሲያጡ ሚኒስትሩን በምርጫ ካርድ መጠየቅ አንችልም። እንግዲያው የመረጥነው የምክር ቤት አባል ይጠይቅልን። የላክነው ለዚሁ ነው።