ጎተ «ስህተት» የሆነበት ፈተና

ጠረጴዛዬ ላይ 310 ጥያቄዎች ተዘርግተዋል። 300ው ለመላው ጀርመን፣ 10ሩ ለምኖርበት ለሄሰን ክፍለ ሀገር የተዘጋጁ ናቸው። በፈተናው ቀን ከእነዚህ መካከል 33ቱ ይቀርቡልኛል፤ 60 ደቂቃ ይሰጠኛል፤ 17ቱን በትክክል ከመለስኩ «አልፈሃል» እባላለሁ። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ለሕዝብ የቀረቡ ስለሆኑ የተደበቀ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2008 ጀምሮ ጀርመናዊ ለመሆን ከሚሹ ስደተኞች አብዛኞቹ በዚህ በር አልፈዋል።

«ከባድ ነው» እያሉ የሚያማርሩ ወገኖቼን እሰማለሁ። የእኔ ክስ ግን ተቃራኒው ነው፤ ይህ ፈተና ከእኛ የሚጠብቀው እጅግ ጥቂት ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ የጀርመንን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ማን ጻፈው ይላል። አራት ስሞች ተደርድረዋል፤ ፍሪድሪኽ ፎን ሺለር፣ ክሌመንስ ብሬንታኖ፣ ዮሐን ቮልፍጋንግ ፎን ጎተ፣ ሃይንሪኽ ሆፍማን ፎን ፋለርስሌበን። ትክክለኛው መልስ ሆፍማን ነው። እኔ በምኖርባት በፍራንክፈርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1749 የተወለደው ጎተ ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? ለማሳሳቻነት ቆሟል! ሺለርም ከጎኑ። ሥነ ጽሑፍ ወዳድ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ብትስቅ አልፈርድብህም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ።

ሆኖም ለጎተ ጠበቃ ልቆም አልተነሣሁም። እንቅልፍ የነሣኝ ትክክለኛው መልስ ነው። ሆፍማን ያንን ግጥም በ1841 በሄልጎላንድ ደሴት ጻፈው። በተከታዩ ዓመት፣ በሌሎች ግጥሞቹ ምክንያት፣ የፕሩሲያ መንግሥት ከብሬስላው ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበሩ አነሣው። በ1843 ደግሞ የፕሩሲያ ዜግነቱን ገፎ ከአገር አባረረው። ባለቅኔው ከአንዱ የጀርመን ግዛት ወደ ሌላው ሲሳደድ ዓመታት አለፉ። እንግዲህ አስተውል፤ ዜግነት ለመስጠት የተዘጋጀ ፈተና ዜግነቱን የተነጠቀን ሰው ስም ይጠይቃል፤ መነጠቁን ግን አይጠይቅም።

ሌላው ጥያቄ ቪሊ ብራንት በ1970 ዋርሶ ውስጥ፣ በቀድሞው የአይሁድ ጌቶ፣ ስለ ምን ተንበረከከ ይላል። መልሱ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ትክክል። ነገር ግን ያ የተንበረከከው መሪ በወጣትነቱ ናዚዎችን ሸሽቶ ወደ ኖርዌይ የተሰደደ፣ በ1938 ጀርመናዊነቱን የተገፈፈ ሰው ነበር። ያልበደለው በበዳዮች ፋንታ ተንበረከከ። ደራሲው ቶማስ ማንም በ1936 ዜግነቱን ተነጥቋል። ከዚህ ሁሉ ግፍ በኋላ ነው በ1949 የወጣው መሠረታዊ ሕግ፣ በአንቀጽ 16፣ የጀርመን ዜግነት ሊነጠቅ አይችልም ብሎ የደነገገው። ይህንን ሳያውቅ ምልክቱን በትክክለኛው ሣጥን ላይ ያኖረ ሰው ነጥቡን ያገኛል። ምን እንደ ተሰጠው ግን አላወቀም።

«አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ!» ይለኛል አብሮኝ የሚዘጋጅ ወዳጄ። «የመልሱን የመጀመሪያ ቃል ያዝ፣ ምልክት አድርግ፣ ውጣ።» እርሱ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን አድሮ፣ ባቡር ላይ እያንቀላፋ ነው የሚሸመድደው። እንዲህ ላለ ሰው ስለ ሆፍማን ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ወዳጄ ራሱ ስደተኛ ነው፤ ወረቀት አልባ ሆኖ ከበር በር መንከራተትን ያውቃል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ በላይ የሚገባው ታሪክ እፊቱ ተቀምጦ ሳለ አራት ሣጥኖች ጋረዱበት። በደሉ ይህ ነው።

ሽምደዳን አልንቅም። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን ግእዙ ሳይገባው ቃል በቃል ያጠናል። ያ ግን ደጃፉ ነው፤ ከፊቱ ቅኔው አለ፤ ትርጓሜው አለ። ይህ ፈተና ደጃፉን አሳይቶን «ቤቱ ይኸው ነው» ይለናል። እኛም «ተመስገን፣ አለፍን» ብለን እንመለሳለን።

እኔስ የምሰጠው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ የጀርመን ሕግ የቀድሞ ዜግነትህን ተው አይለኝም። ተው የሚለኝ የራሴ አገር ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጥረዋል። አባቴ በአደራ ያወረሰኝን ስም የምለውጠው ለ17 ምልክቶች ነውን? እንዲህ ያለውን ነገር የሚለውጥ ሰው የሚቀበለውን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል፤ የሚሰጠውም ወገን የሚቀበለውን ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ስለዚህ ለፈተናው አዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ። ከ33ቱ አንዱን እንኳ ያለ ምርጫ ጠይቁኝ። አራቱን ሣጥን አንሡና አንድ ባዶ መስመር ስጡኝ። በተሰባበረ ጀርመንኛም ቢሆን እጽፍበታለሁ።

ለምትዘጋጁ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ሸምድዱ፣ እለፉ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ። ግን ከጥያቄዎቹ መካከል አንድ ስም ምረጡና ማን እንደ ነበረ ጠይቁ። ወዳጄ ትናንት ማታ ባቡር ላይ «ያ መዝሙር ጸሐፊ በኋላ ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምንወርድበት ጣቢያ እስኪያልፈን ድረስ አወራን።