ስፓይደርማን ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ዛሬ ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ የእናንተ ነው። የይቅርታ ነገርም ስላለበት ታገሱኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቤት መጣች። ስሟን አልጠራም፣ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ግን ታውቋታላችሁ፤ ጣቷ የሚታዘዝላት ልጅ ነበረች። ገና በሦስተኛው ሳምንት ከፎንዳንት የሠራቻትን ጽጌረዳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ለእንግዳ አሳይ ነበር። ቡና እስኪፈላ ድረስ ዝም ብላ ቆየችና፣

"ቲቸር፣ ሚክሰሬን የሚገዛ ሰው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ምነው፣ ተበላሸብሽ?"

"አይ፣ እሱስ ደህና ነው። የደከመኝ እኔ ነኝ። በወር ስምንት አሥር ኬክ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድን እንቅልፍ የለኝም፣ ወሩ ሲያልቅ ግን እጄ ላይ ምንም የለም። ባለቤቴ 'ይሄ ሥራ ነው ወይስ ጽድቅ?' ይለኛል።"

እስቲ የመጨረሻውን ኬክ አሳዪኝ አልኳት። ስልኳን ከፈተች። አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ የተሠራ፣ ባለ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ላዩ ላይ ስፓይደርማን ቁጢጥ ብሎ አንድ እጁን የዘረጋ። እውነቴን ነው፣ ቆንጆ ሥራ ነው። ስንት ሸጥሽው? 3,500 ብር።

እስክሪብቶ አወጣንና ተቀመጥን። እንቁላል፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ የገበታ ቅቤ፣ ወተት፣ ቫኒላ ሲደመር 1,150 ብር። ፎንዳንትና ቀለም 900። የኬኩ መቀመጫ፣ ካርቶንና ሪባን 350። ዕቃ ለመግዛትና ኬኩን ለማድረስ የታክሲ 450። በድምሩ 2,850 ብር። ለሷ የተረፋት 650 ብር ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን ጠየቅኳት። ይሄንን ጽፋ አታውቅም። ምስሉ ብቻ አምስት ሰዓት፣ መጋገርና ክሬም መቀባት ሦስት፣ ፎንዳንት ማልበስና ማስጌጥ አራት፣ ገበያ መውጣት ሁለት። አሥራ አራት ሰዓት። 650 ለ14 ሲካፈል በሰዓት 46 ብር ይመጣል። በሰዓት 46 ብር! እሷ ቁጥሩን አይታ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ያንን ሒሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ታስታውሱ ከሆነ የኮርሱ የመጨረሻ ቀን ስለ ዋጋ ሁለት ሰዓት ይዘን ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትም ትዝ ይለኛል፤ "ወጪሽን ደምሪ፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ ትርፍ ጨምሪ።" 2,850 ላይ 25 በመቶ ሲጨመር 3,560 አካባቢ ይሆናል። ልጅቷ ያልኳትን ነው ያደረገችው፣ እንዲያውም ለደንበኛዋ ስልሳ ብር ቀንሳለች። ችግሩ ያ ሒሳብ የሱቅ ሒሳብ መሆኑ ነው። ባለሱቁ ያለቀ ዕቃ ከመርካቶ አምጥቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል እንጂ ሳሙናውን አምስት ሰዓት ቁጭ ብሎ አይቀርጸውም። ስድስት ወር ሙሉ ስለ ሊጥና ስለ ክሬም ሳወራ የገዛ ጉልበታችሁን ወጪ ውስጥ ጻፉ አላልኳችሁም። ያኔ እኔ ደሞዝተኛ ነበርኩ፤ ሰዓቴን ሌላ ሰው ስለሚከፍለኝ አልታየኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሌላው የምንሳሳትበት ነገር ኪሎው ነው። እኛ አገር ቶርታ በኪሎ ይሸጣል፤ ኬክ ቤት ገብተን "ባለ ሁለት ኪሎ ስንት ነው?" ማለት ለምደናል። ክሬም ለተቀባ ተራ ቶርታ ምንም አይደለም፤ ሁለት ኪሎው በእርግጥም የአንድ ኪሎውን ሁለት እጥፍ ያህል ዕቃ ይፈጃል። ያንን ስፓይደርማን ግን ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት 120 ግራም ቢሆን ነው። በልጅቷ የኪሎ ዋጋ ሲሰላ 280 ብር። ለአምስት ሰዓት ሥራ። በኪሎ የምንሸጥ ከሆነ ምስሉ በተግባር በምርቃት የሚሰጥ ነገር ሆነ ማለት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ እኛን ፈልጎ የመጣው ለምስሉ ነው።

ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፎንዳንት ማለት እንደ ዱቄት የተፈጨ ስኳር፣ ጄላቲን፣ ግሉኮስና ግሊሰሪን ተቦክቶ የሚሠራ የስኳር ሊጥ ነው። እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ልስልስ ስለሚል ምስሉ ይተኛባችኋል፤ ስለዚህ ለሩብ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ሲኤምሲ የሚባለውን ዱቄት ጨምራችሁ እንዲጠነክር ታሹታላችሁ። ስፓይደርማን ቀይ ነው፣ ቀይ ደግሞ ጭቅጭቅ ነው፤ ቀለሙን ስትጨምሩ መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፣ ደግማችሁ ስትጨምሩ ይረጥብና ይጣበቃል፣ ሲበዛ ይመራል። ዘዴው ቀላ ሲል ማቆምና አሸጎ ማሳደር ነው፣ ጠዋት ደምቆ ይጠብቃችኋል። ከዚያ አካሉን፣ እግሩን፣ ክንዱን፣ ጭንቅላቱን ለየብቻ ትሠራላችሁ፣ እየደረቀ ትገጣጥማላችሁ። ፊቱ ላይ ያለውን የሸረሪት ድር በቀጭን ብሩሽ በጥቁር ቀለም፣ ትንፋሽ ይዞ። አንዴ እጅ ከተንቀጠቀጠ ያ ፊት አለቀለት፣ ሌላ ጭንቅላት ይሠራል።

ምስሉን የሚያቆመው ነገር ውስጡ ነው ያለው። ብዙዎቻችሁ ስቴኪኒ ትሰካላችሁ፤ እባካችሁ ለትንንሽ ምስል ያልተቀቀለ ፓስታ ተጠቀሙ። ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው የስፓይደርማንን ጭንቅላት መቆርጠም ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግዴታ ስቴኪኒ ካስገባችሁም ለእናቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ንገሯት። ደግሞ ምስል ሁለት ሦስት ቀን መድረቅ አለበት፣ ክረምት ላይ ከዚያም በላይ። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ሲወጣ ያልበዋል፣ ቀዩ ነጩ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ "ለነገ ይደርሳል?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይደርስም ነው። ማንንም ላስከፋ ብዬ አይደለም።

የማይታየው ወጪም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዩቲዩብ ያገኛችሁትን መጠን እንዳለ ከወሰዳችሁ ኬኩ ሽቅብ ይነሳና መሃሉ ይሰምጣል፤ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል። ያንን ለማወቅ የጣልነው ኬክ ስንት ነው? ኬኩ ምድጃ ውስጥ ሃያኛ ደቂቃው ላይ ሳለ መብራት የሄደብን ቀንስ? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ፣ የምንዛሪው ነገር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ቀለሙም ሲኤምሲውም ከውጭ የሚገባ ነው። ዋጋችንን ግን በ2015 ላይ የተውን አለን።

ታዲያ ከልጅቷ ጋር ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። ለሰዓቷ 200 ብር ጻፍን፤ እሱንም "ይበዛል ቲቸር" ብላ ተከራክራኝ ነው። 14 ሰዓት በ200 ሲባዛ 2,800። ከወጪው ጋር 5,650። ለሚሰበረው፣ ለሚጣለውና ለሚክሰሩ እርጅና አሥር በመቶ ሲጨመር 6,200 ብር ሆነ። ደነገጠች። "ማን ይገዛኛል?" አለች። እኔም ሌላ ነገር አሳየኋት፤ በ6,200 አንድ ኬክ ብትሸጥ የሚቀራት 3,350 ብር ነው። በድሮው ዋጋ አምስት ኬክ ሠርታ የሚቀራት 3,250። አምስቱ ሰባ ሰዓት ይፈጃሉ፣ አንዱ አሥራ አራት። ከአምስት ደንበኛ አራቱ ቢሄዱባት እንኳ አልከሰረችም፣ እንቅልፍ አተረፈች።

አሁን ደግሞ ለምታዙን ሰዎች ልናገር፣ እናንተም ወዳጆቼ ናችሁ። ከፒንተረስት ላይ አምስት ምስል ያለበትን የኤልሳ ኬክ ስክሪንሾት ልካችሁ "ማሬ፣ ባለ አንድ ኪሎ አድርጊልኝ፣ ለልጅ እኮ ነው" የምትሉ አላችሁ። ለልጅ መሆኑ ሥራውን አያሳጥረውም፣ እንዲያውም ልጅ ከትልቅ ሰው በላይ ይመረምራል። ዘመድና ጓደኛ ደግሞ "በዕቃው ዋጋ ሥሪልኝ" ይላል። በዕቃው ዋጋ ማለት አሥራ አራት ሰዓት ስጦታ አምጪ ማለት ነው። ስጦታ መስጠት እወዳለሁ፣ ለወንድሜ ልጆች በየዓመቱ እሠራለሁ። ግን ስጦታውን የምመርጠው እኔ ልሁን።

ግን ደግሞ አልዋሽም፣ 6,200 ብር ለብዙ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለአንዲት የመንግሥት ሠራተኛ እናት ዋጋውን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ልጇ ፓው ፓትሮል ይወዳል። ቤት ውስጥ የዛ ውሻ መጫወቻ አላችሁ ወይ አልኳት፣ አለ አለች። በደንብ አጥባ አመጣችልኝ፤ እኔ በክሬም ሣር፣ በቸኮሌት ፍርፋሪ ጭቃ ሠራሁና ውሻውን መሃል አቆምኩት። ተራ የቶርታ ዋጋ ነው የከፈለችኝ፣ እኔም ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ልጁ ከኬኩ ላይ ውሻውን አንስቶ እየላሰ ሲሮጥ ቪዲዮ ላከችልኝ። የታተመ ወረቀትም አለ፣ እሱም ያምራል። በጀታችሁን ንገሩን፣ አናፍርባችሁም፤ የሚያስከፋን የሰማይ ኬክ በምድር ዋጋ ስትጠይቁን ነው። የኛ ትውልድ ልደት ያከበረም ካለ በድፎ ዳቦና በፈንዲሻ ነው፣ ማንም አልተጎዳም።

ምስልም በቁጥር አይደለም። አንድ አባት ለሴት ልጁ ቀጭኔዋን፣ "ጸሐይ መማር ትወዳለች" ላይ ያለችውን ጸሐይን አዞኝ ያውቃል። አንዷን ብቻ። አንገቷ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኝ በሦስተኛው ነው የቆመችው፤ ከአምስት ተራ ምስል በላይ ፈጅታብኛለች። ዋጋ ስጠራለት "ለአንድ ምስል?" ሳይል ከፈለኝ፣ እኔም ያንን ሰው እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ይሄን ካነሳሁ አንድ የማልፈው ነገር አለ። ፔፓ ፒግን የሚያዙኝ ቤቶች አብዛኞቹ የአሳማ ሥጋ ደጃቸው የማይደርስ ናቸው። አንድ ቀን አያትየው ኬኩን አይተው አማተቡ፣ ልጅቷ ደግሞ በደስታ ትዘላለች። ያ ያስቃል። የማያስቀው ጄላቲኑ ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፣ ብዙው ደግሞ ከአሳማ። ማርሽማሎው አቅልጣችሁ ፎንዳንት የምትሠሩም ያው ጄላቲን እየተጠቀማችሁ ነው። ሙስሊም ደንበኛ ካላችሁ ማሸጊያው ላይ ሐላል የሚለውን ሳታዩ አትግዙ። የጾም ኬክ ብላችሁ በዘይት ከጋገራችሁ በኋላ በጄላቲን ፎንዳንት ከሸፈናችሁትም የጾም አይደለም፤ ከባሕር አረም የሚሠራውን አጋር አጋር ተጠቀሙ፣ ካልሆነ ኬኩን አታልብሱት። ሰው አምኖን ነው የሚበላው። ይሄንን ለማጣራት የምትሮጡበት ሰዓትም ዋጋው ውስጥ ይግባ።

"ገበያው አይችልም" የምትሉኝን አውቃለሁ፣ ውስጥ መስመር ላይ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ጎረቤቷ ያለችው በ3,000 ስለምትሠራ ነው አይደል? እሷም የኔ ተማሪ ሳትሆን አትቀርም፣ እሷም 25 በመቶዋን እየደመረች ነው። ስትደክማት ትተወዋለች፣ ሌላ አዲስ ልጅ ትመጣለች፣ ደንበኛው ሁልጊዜ ርካሽ ያገኛል፣ አሥር ዓመት የሠራች ሴት ግን አታገኙም። ኬክ ቤቶቹስ የሠራተኛ ደሞዝ ሳይቆጥሩ ዋጋ ያወጣሉ እንዴ?

ልጅቷ ሚክሰሩን አልሸጠችም፣ ለጊዜው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ዋጋ ከጠየቋት አራት ሰዎች ሦስቱ "እናስብበታለን" ብለው ጠፍተዋል፤ አንዷ ግማሹን ቀብድ ልካለች። አዎ፣ ቀብድ ግማሽ ነው፣ እሱም ሳይገባ እንቁላል አይሰበርም። የአንደኛው ጠፊ ሐዘን እስካሁን አልወጣላትም፣ የቆየ ደንበኛ ነበርና። የቤት ኪራይ ወሩ ሲደርስ ምን እንደምትወስን አላውቅም፤ እኔም "ግድየለም ይመጣሉ" ብዬ በባዶ ተስፋ አልሞላኋትም።

በሚመጣው ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቤቴ ክፍት ነው። የድሮ ተማሪዎቼ የቻላችሁ ኑ፣ ያልቻላችሁ የመጨረሻ ኬካችሁን ወጪና ሰዓት ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ኬክ አልጋግርም፣ አምባሻና ቡና አለ።