የሥራ ሂደት ከመለወጡ በፊት በሞዴል ይፈተን

እ.ኤ.አ. በ1990 ማይክል ሐመር በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነባሩን አሠራር በኮምፒዩተር ከማፋጠን ይልቅ ከሥሩ ነቅሎ እንደ አዲስ መንደፍ እንደሚሻል ተከራከረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከጄምስ ቻምፒ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ አዳረሰው። ኢትዮጵያም «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» በሚል ስያሜ ተቀብላ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በስፋት ሠርታበታለች፤ ቢፒአር የሚለው ቃል ከጥናት ሰነድ ወጥቶ የቢሮ ወሬ እስከ መሆን ደርሷል። በሂደት ለውጥ ጥናቶች ዘንድ ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ጸንቶ ቆይቷል። ነባሩ ሂደት በሳጥንና በቀስት ይሳላል፤ አዲሱም ከጎኑ ይሳላል፤ የየደረጃው ጊዜ ይደመራል፤ በሁለቱ ድምሮች መካከል ያለው ልዩነት የለውጡ ውጤት ተብሎ ይቀርባል።

ጉድለቱ ያለው ከድምሩ ላይ ነው። አንድ ፋይል በባለሙያ እጅ ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ቀሪውን ቀን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ተራውን ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ የየትኛውም ሳጥን ንብረት አይደለም። የባለጉዳዩ አመጣጥ፣ የጉዳዩ ክብደትና የባለሙያው አቅም ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ስለሆነ በሥዕሉ ላይ ሊጻፍ አይችልም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ባለሙያ ብቻ የተቀመጠበትን የአገልግሎት መስኮት ማሰብ ይበቃል። ለአንድ ባለጉዳይ በአማካይ 6 ደቂቃ ይፈጃል ቢባል፣ በሰዓት 10 ሰው ማስተናገድ ይቻላል። ባለጉዳዮች በዘፈቀደ የሚመጡ፣ የአገልግሎቱም ጊዜ እንደየጉዳዩ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ዴንማርካዊው ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች ካሳተመው ጽሑፍ የጀመረው የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ቀላል ቀመር አለው። በሰዓት 8 ሰው ሲመጣ አንድ ባለጉዳይ ወረፋውን ጨምሮ በአማካይ 30 ደቂቃ ይቆያል። 9 ሰው ሲመጣ ቆይታው 1 ሰዓት ይሆናል። 9 ተኩል ሲሆን ደግሞ 2 ሰዓት ይደርሳል። የመጪው ቁጥር አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይጨምር ቆይታው አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ባለሙያው አልሰነፈም፤ በሂደቱ ሥዕል ላይ የተጻፈው 6 ደቂቃም አልተለወጠም።

አሁን «ነገ ተመለስ» የሚለው መልስ ይጨመር። ወደዚሁ መስኮት በሰዓት በአማካይ 7.2 አዲስ ባለጉዳዮች ይመጣሉ እንበል። ከሚስተናገዱት ውስጥ ከመቶ አሥሩ ሰነድ ጎድሎባቸው ወይም ስሕተት ተገኝቶባቸው ከተመለሱ፣ ተመላሾቹ ራሳቸው ዳግም ሊመለሱ ስለሚችሉ የመስኮቱ እውነተኛ ጫና በሰዓት 8 ሰው ይሆናል። ተመላሹ ከመቶ 20 ሲሆን ጫናው 9 ይደርሳል። ከመቶ 28 ሲሞላ ከባለሙያው አቅም ጋር እኩል ይሆንና ወረፋው ማብቂያ ያጣል። ሦስቱም ሁኔታዎች የሚያሳዩት አንድ ዓይነት የሂደት ሥዕል ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት የሠራተኛ ቁጥር አላቸው። የሚለያዩት በሥዕሉ ላይ ብዙ ጊዜ በአንዲት ቀጭን ወደ ኋላ በምትመለስ ቀስት ብቻ በምትታየው፣ ቁጥርም በማይጻፍባት መንገድ ነው።

ቀመሩ ከዚህ በላይ አይሄድም። በእውነተኛ መሥሪያ ቤት የመመለሱ መጠን ቋሚ አይደለም፤ ወረፋው ሲረዝም ባለሙያው ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ይሳሳታል፣ ስሕተቱም ተመላሽ ሆኖ ወረፋውን ያረዝማል። የዘገየበት ባለጉዳይ «ፋይሌ ምን ደረሰ?» እያለ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱ ጥያቄም ፋይሉን ለመሥራት ይውል ከነበረው ጊዜ ላይ ይቀነሳል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል በሩ ሲከፈት የተሰለፈው ሕዝብ ከሰዓት በኋላ ከሚመጣው ጋር አይመጣጠንም፤ ቀመሩ የሚያስበው የተረጋጋ ሁኔታም ምናልባት ቀኑን ሙሉ አይደረስበትም። ተለዋዋጭ የሲሙሌሽን ሞዴል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሂደቱን ሕጎች በኮምፒዩተር አስፍሮ ጊዜን በማስኬድ፣ ወረፋው ሲፈጠርና ሲፈርስ እንዲታይ ያደርጋል። በአንድ በኩል እያንዳንዱን ባለጉዳይ ለየብቻ የሚከተል ዘዴ አለ። በ1960ዎቹ ዳልና ኒጎር በኦስሎ የሠሩት ሲሙላ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወለደው ለዚሁ ነበር፤ ዛሬ በየፕሮግራመሩ እጅ ያለው የክላስና የኦብጀክት ሐሳብ ከወረፋ ጥናት መምጣቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ክምችትን፣ ፍሰትንና የግብረ መልስ ዑደትን በጥቅሉ የሚያይ ሲስተም ዳይናሚክስ የተባለ ዘዴ አለ።

የዚህ ሁለተኛው ዘዴ አነሳስ ለሥራ አመራር ተመራማሪ ትልቅ ትምህርት ይዟል። ጄይ ፎረስተር በኤም.አይ.ቲ. የኮምፒዩተር መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ሥራ አመራር ትምህርት ቤቱ ተዛወረ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኃላፊዎች በኬንታኪ ያሉት የቤት ዕቃ ፋብሪካዎቻቸው አንድ ጊዜ በትርፍ ሰዓት ሲጨናነቁ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሠራተኛ ሲያሰናብቱ ግራ ተጋብተው ነበር። ምክንያቱን በገበያው መዋዠቅ ላይ ጣሉት። ፎረስተር ስለ ገበያው ከመጠየቅ ይልቅ ኃላፊዎቹ ሠራተኛ የሚቀጥሩበትንና ክምችት የሚይዙበትን ደንብ ጠየቀ። ከዚያም በማስታወሻ ደብተር ላይ ክምችቱን፣ ሠራተኛውንና ትእዛዙን በየዓምዱ እየጻፈ ሳምንት በሳምንት አሰላ። ከደንበኛ የሚመጣው ትእዛዝ ምንም ሳይለዋወጥ እንኳ የሠራተኛው ቁጥር ከፍ ዝቅ ማለቱን እንደማይተው ታየ። መንሥኤው ከውጭ አልመጣም፤ ከራሳቸው ደንብና በደንቡ ውስጥ ካለው መዘግየት የመነጨ ነበር። በ1961 የወጣው ኢንዱስትሪያል ዳይናሚክስ የተሰኘው መጽሐፉ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሁሉም ነገር የሚሻሻለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለመሆኑም ሌላው ጉዳይ ነው። ኔልሰን ሪፐኒንግና ጆን ስተርማን በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ለሂደት ማሻሻያ የሚውል ሰዓት ዛሬ ከሚሠራው ሥራ ላይ ስለሚወሰድ ውጤቱ መጀመሪያ ይቀንሳል፤ የሚያድገው ቆይቶ ነው። በተቃራኒው ሠራተኛውን ማጣደፍ ወዲያው ውጤት ያሳያል፤ አቅም የሚሸረሸረው ግን ቀስ ብሎ ነው። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚጠየቅ ኃላፊ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት አያዳግትም። ስንት መልካም የሂደት ለውጥ ፍሬው ሳይታይ ተትቶ ይሆን? ይህን ዓይነት ጉዞ አስቀድሞ በሞዴል ያየ መሥሪያ ቤት ቢያንስ በሦስተኛው ወር አይደነግጥም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሥራ ሂደት የሚቀርቡ በርካታ የማስተርስ ጥናቶች መሣሪያቸው መጠይቅ ነው። ሠራተኛውና ባለጉዳዩ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በፍጹም አልስማማም» ድረስ ያለውን ይሞላሉ፤ መልሱ በኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. ይሰላል፤ የእርካታና የአፈጻጸም ዝምድና ይወጣል። መጠይቅ ሰው ምን እንደተሰማው ይነግራል፤ ለዚያ ዓላማ ተገቢ ነው። አንድ ሠራተኛ ቢጨመር ወይም ቀጠሮ ቢጀመር ወረፋው ምን እንደሚሆን ግን ሊናገር አይችልም፤ የጥናቶቹ የመፍትሔ ሐሳብ ግን የሚናገረው በትክክል ስለዚህ ነው። በማስረጃውና በምክሩ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ዲፓርትመንቶች ችላ ሊሉት የማይገባ ነው።

መረጃ የለም የሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሆኖም አንድ ተማሪ ሰዓትና ደብተር ይዞ ለሁለት ሳምንት ከመስኮቱ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ባለጉዳይ የመጣበትን፣ አገልግሎት የጀመረበትንና የጨረሰበትን ደቂቃ፣ የተመለሰም እንደሆነ ምክንያቱን መመዝገብ ይችላል። የሶፍትዌር ዋጋ የሚለውም እምብዛም አያስኬድም፤ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፣ ፎረስተርም የጀመረው በእርሳስ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ሞዴሉ ራሱ የሚፈጥረው መተማመን ነው። በስክሪን ላይ ትንንሽ ሰዎች ሲሰለፉና ሲንቀሳቀሱ የሚያሳይ ፕሮግራም የተመለከተ ኃላፊ፣ ያየውን ከእውነታው ጋር ማምታታት አይከብደውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ሞዴሉ መጀመሪያ ነባሩን ሂደት ይምሰል፤ በመስኮቱ ፊት የታየውን የወረፋ ርዝመትና የጠዋቱን መጨናነቅ ሳይነገረው ያውጣ። ያን ካልቻለ ስለ አዲሱ ሂደት የሚለው ነገር አይደመጥም። ከቻለ ደግሞ በግምት የገቡት ቁጥሮች ከፍ ዝቅ እየተደረጉ መደምደሚያው ይጸና እንደሆነ ይታይ። የመመለሱ መጠን ከመቶ 20 ወደ 22 ሲሻገር የሚገለበጥ ምክር፣ መጠኑ በሚገባ እስኪለካ ድረስ ለመሥሪያ ቤቱ ባይሰጥ ይሻላል። ይህን የሚጠይቅ የመመረቂያ ጽሑፍ መርማሪ ለተማሪው ሥራ ያበዛበታል፤ የሚያድነው ግን በተለወጠው መስኮት ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ ነው።