መድኃኒቱ ከእጅ ቦርሳ አይውጣ

እዚህ ኢዲዶ ልጅ ውጭ አገር ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ትኬትም ይላካል። በቀደም አንዲት ጎረቤቴ ዋሽንግተን ያለውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሰናዱ ቤታቸው ገባሁ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው ታሽጓል። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ከትልቁ ሻንጣ ሥር ተቀብሯል። «ልጅዎ ግፊት እንዳለብዎ ያውቃል?» ብላቸው፣ «ሲስተር፣ እንዳትነግሪብኝ! ከሰማ ያስቀረኛል» አሉኝ።

በሥራ ዘመኔም እንዲህ የሚደብቁ ብዙ አይቻለሁ። ወላጅ የሚደብቀው ልጁን ላለማስጨነቅ ነው። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው እንግዳ ቢታመም፣ የጥቂት ቀን የሆስፒታል ሂሳብ ልጁ ለዓመታት ያጠራቀመውን ሊጠርግ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ የቆየ በሽታን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ልጁ በሽታውን ካላወቀ ምኑን ይጠይቃል? አውሮፓ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ግዴታ ነው፤ የሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይፈልጋል።

መድኃኒት ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ሻንጣ ይዘገያል፣ ኢንሱሊንም በዕቃ መጫኛው ቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። ሐኪምዎ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም በእንግሊዝኛ ይጻፉልዎ፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል።

ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪና ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው ሌሊት አውሮፕላን መግባት ለእግር ከባድ ነው። አንድ ቀን ይረፉ። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ አደጋው በጥቅሉ ትንሽ ቢሆንም። እናቶቻችን ደግሞ የአውሮፕላኑን ሽንት ቤት ፈርተው ውሃ አይጠጡም። ይጠጡ፣ ይነሱ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። ከደረሱ በኋላ አንድ ባትዎ ብቻ ካበጠና ካመመ «ወንበሩ ነው» ብለው አይተኙበት፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አሜሪካ ውስጥ 911 ይደወላል።

ትኬት ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅ፤ ክፍያ የለውም። «ሽባ ነኝ ወይ?» የሚሉ አሉ። የሚገፋው ሰው እኮ በኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣ አስወጥቶ ከልጅዎ ያገናኝዎታል። ቋንቋውን ለማያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። ልጅ «ኪኒኑን ስምንት ሰዓት ላይ ዋጪ» ቢል የፈረንጅ ጠዋት ስምንት የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በእኛ ክረምት በሰባት፣ በበጋ በስምንት ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ናት፤ የመጀመሪያው ቀን መድኃኒት መቼ እንደሚወሰድ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ኢንሱሊን ከሆነ የግድ ነው።

ለሽርሽር ሲወጡም የልጅዎ አድራሻና ስልክ በወረቀት ተጽፎ ኪስዎ ይግባ። ሆስፒታል ከሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ሆስፒታሎች በነፃ በስልክም ቢሆን ያቀርባሉ። የልጅ ልጅ አያቱን ስለ ሽንቷ እየጠየቀ ባያስተረጉም ይሻላል።