በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፦ ዝናብ ሲቀር ኪሳራው የማን ነው?

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ ጉናን ተጠግቶ ያልፋል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ዙሪያ ገብስና ድንች ይበቅላል። ከዚያ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲወረድ መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ያዘቀዝቃል፤ ሰብሉም ወደ ጤፍና ማሽላ ይለወጣል። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው አርሶ አደር በተራቆተ ተዳፋትና በጠባብ ማሳ ላይ የሚያርስ፣ ዓመቱም በአንድ ክረምት ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሀገር አቀፍ ደረጃ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ተጠቃሚው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገና ውሃ እያቆረ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። የመጨረሻው ግብ ግን ድጋፍ መስጠት ሳይሆን ቤተሰቡ ጥሪት አፍርቶ ከፕሮግራሙ እንዲመረቅ ማስቻል ነው። መመረቅ ማለት ደግሞ በተግባር አነስተኛ ንግድ መጀመር ማለት ነው፦ በግ ማድለብ፣ ንብ ማነብ፣ ዶሮ ማርባት ወይም እህል መነገድ። ስለዚህ የምረቃው ጥያቄ በመሠረቱ የንግድ አሠራር ጥያቄ ነው።

ለረጅም ጊዜ የተለመደው መልስ ብድር ነበር። በክልሉ ገጠር ብድርን ለድሃው በማድረስ ቀዳሚ የነበረው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ጸደይ ባንክ የተሸጋገረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ተቋሙ መሬቱን በዋስትና ማስያዝ ለማይችል አርሶ አደር የቡድን ዋስትናን አማራጭ አደረገ። ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ይዋሳል፤ አንዱ መክፈል ቢያቅተው ሌሎቹ ይሸፍናሉ። ይህ አሠራር ከባንክ ደጃፍ ርቆ ለነበረው ሕዝብ ትልቅ በር ከፍቷል።

ችግሩ የሚመጣው ዝናብ ሲቀር ነው። አንዲት እናት ለፋሲካ ገበያ ለማድረስ በብድር ሦስት በጎች ገዛች እንበል። ክረምቱ ከከዳ መኖ ይጠፋል፤ በጎቹም ይከሳሉ። መንደርተኛው ሁሉ እህል መግዣ ፍለጋ ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የበግ ዋጋ ይወርዳል፤ በዚያው ሳምንት የእህል ዋጋ ይወጣል። የብድሩ መክፈያ ቀን ግን አይለወጥም። የቡድን ዋስትና አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲደግፈው የተሠራ ነው፤ ድርቅ ግን ዋሱንም ተዋሱንም በአንድ ክረምት ያገኛቸዋል። ያኔ ብድሩ የሚመለሰው ከትርፍ ሳይሆን ከቀረው ጥሪት ይሆናል፤ የተመረቀው ቤተሰብም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በአካባቢው ነባር ልማድ ይህን ስጋት የሚያከፋፍል አሠራር አለ። በርቢ ባለ ከብቱ እንስሳውን ለሌለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያረባል፤ ውላጁን ይካፈላሉ። በተለምዶ እንስሳው ያለ አርቢው ጥፋት በበሽታ ቢሞት ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። አርቢው ድካሙን እንጂ የሌለውን ገንዘብ አይከስርም። በብድርና በርቢ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው፤ በአንዱ ስጋቱ በድሃው ትከሻ ላይ ብቻ ያርፋል፤ በሌላው የሚሸከመው ሰው ይሸከመዋል።

ውጤታማ ሆነው የተገኙ ዘመናዊ አሠራሮችም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ፕሮግራም ለእጅግ ድሆች ብድር ከመስጠት ይልቅ እንስሳ በነፃ ይሰጣል፤ ከዚያ ቀለብ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና የቅርብ ክትትል ያክልበታል። ይህ አሠራር ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት ሀገሮች፣ ከ10 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ባካተተ ጥናት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ውጤት ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ኑሮ ተሻሽሎ መገኘቱን አሳይቷል። የኢትዮጵያ ሴፍቲኔትም በአራተኛው ምዕራፉ ለእጅግ ድሆች ከብድር በፊት የማይመለስ የመነሻ ገንዘብ የመስጠትን አሠራር አካቷል።

ሁለተኛው መንገድ መድን ነው። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሃ በተባለች መንደር 200 ቤተሰቦች የዝናብ እጥረት መድን ገቡ። አዲስ ነገሩ ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው አርሶ አደሮች የመድኑን ክፍያ በጉልበታቸው፣ በአካባቢ ጥበቃ ሥራ መክፈል መቻላቸው ነበር። ሴፍቲኔት ለዓመታት እርከን ባሠራባቸው በጋይንትና በስማዳ ተመሳሳይ አሠራር እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን እንዲህ ያለው መድን ካሳ የሚከፍለው በማሳው ላይ በደረሰው ጉዳት ሳይሆን በሳተላይት በተለካ ዝናብ ነው። ከጉና እስከ በሽሎ አየሩ በአጭር ርቀት በሚለዋወጥበት ምድር አንዱ ልኬት ለደጋውም ለቆላውም ሊሆን አይችልም። ሰብሉ ደርቆበት ካሳ ያላገኘ አርሶ አደር በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

ሦስተኛው መንገድ የጋራ ባለቤትነት ነው፤ ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. በፎገራ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ መሥራች ዙምራ ኑሩ የእስቴ ተወላጅ ናቸው። ማኅበረሰቡ በቂ የእርሻ መሬት ስላልነበረው ፊቱን ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ አዞረ። አባላቱ ገቢያቸውን ይካፈላሉ፤ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ደግሞ ለአረጋውያንና ለችግረኞች ይሠራሉ። የአንዱ ክፉ ቀን በሁሉም ላይ ስለሚከፋፈል፣ ገቢውም ከዝናብ ጋር ብቻ ስላልታሰረ፣ ማኅበረሰቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጸንቷል። አኗኗሩን እንዳለ ወደ ሌላ ቀበሌ መገልበጥ አይቻልም፤ ከዝናብ ውጭ ያለ ገቢ ምን ያህል እንደሚያጸና ግን ያሳያል።

ከገዢ ፋብሪካዎች ጋር የሚደረግ የምርት ውልም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። ለብቅል ገብስ አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ የገበያን ስጋት ከአርሶ አደሩ ላይ ያነሣል። ዘሩና ማዳበሪያው በዕዳ ተሰጥቶ፣ ውርጭ ሲመታው ዕዳው በገበሬው ላይ ብቻ ከቀረ ግን ውሉ ስሙን የለወጠ ብድር ነው።

በእነዚህ ወረዳዎች የገጠር ሥራ ፈጠራ የሚመዘነው ብዙውን ጊዜ በተሰጠው ብድር መጠንና በተመረቀው ቤተሰብ ቁጥር ነው። ሁለቱም የደግ ዓመት መለኪያዎች ናቸው። እውነተኛው መለኪያ ከተመረቁት መካከል ከአንድ ክፉ ክረምት በኋላ በጎቻቸውን ሳይሸጡ የቆዩት ስንቶቹ ናቸው የሚለው ነው። የመክፈያ ጊዜ ከምርት መሰብሰቢያ ጋር ሲገጥም፣ የሞተ እንስሳ ዕዳ የሚሸፈንበት መንገድ ሲበጅ፣ የመነሻ ጥሪት ከብድር ሲቀድም ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። ያለበለዚያ በደግ ዓመት የተመረቀው በክፉ ዓመት ተመልሶ ይመዘገባል።